ከቆዩ የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማዎች ውስጥ ስለ ወጣው ሙዚቃ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ድምፅ ምሕንድስና እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ አብዛኞቻችሁ ስለ ማይክሮፎን፣ ስለ ድምፅ ማጉያ ወይም ስለ አዳራሽ ግድግዳ የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። የመረጥሁት ርእስ ግን ከዚህ ራቅ ያለ ነው፤ ይኸውም ቀድሞ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይታዩ የነበሩ አስቂኝ ተከታታይ ድራማዎች በየቤቱ እንዲታዩ በካሴትና በዲቪዲ ሲወጡ፣ በውስጣቸው የነበረው ሙዚቃ ስለ ምን እንደ ተለወጠ ወይም እንደ ተቆረጠ ነው። ሲያዩት የጠበቆች ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን ግማሹ የእኛ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ የአገራችንን ሕግ ስጠቅስ ብቻ ወደ ራሳችን አቆጣጠር እመለሳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ምሳሌ «ደብልዩ ኬ አር ፒ ኢን ሲንሲናቲ» የተባለው ድራማ ነው። ሂዩ ዊልሰን የፈጠረው ይህ ሥራ ከ1978 እስከ 1982 በሲቢኤስ የቴሌቪዥን ድርጅት ታይቷል። ታሪኩ ገቢው ስላሽቆለቆለ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ጣቢያው ለስላሳ ሙዚቃ ማሰማቱን ትቶ በአንድ ቀን ወደ ሮክ ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሳቅ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ስለዚህ በስቱዲዮው ውስጥ የሚሽከረከረው ሸክላ የክፍሉ ጌጥ አልነበረም። በአንደኛው ክፍል የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ፣ ሽማግሌ ቢጤ የዋህ ሰው፣ ሸክላ አጫዋቹ ወዳለበት ይገባና የሚሰማው የየትኛው ኦርኬስትራ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ፒንክ ፍሎይድ እንደ ሆነ ሲነገረውም በዘፈኑ ውስጥ የውሻ ጩኸት የሰማ መስሎት ግራ ይጋባል። ቀልዱ ውሾቹ በእርግጥ በዘፈኑ ውስጥ መጮኻቸው ነው። እንግዲህ ይህን ዘፈን አንሥታችሁ ሌላ አስቀምጡበትና የሚቀረውን ተመልከቱ። ምንም የሚቀር ነገር የለም። በኋላ በተሠራጩ ቅጂዎችም ትዕይንቱ እንዳለ ተቆርጦ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ለሙያችን ቅርብ የሆነ አንድ ነገር አለ። ድራማው የተቀረጸው በፊልም ሳይሆን በማግኔታዊ ቪዲዮ ቴፕ ነበር። በዚያ ጊዜ በቴፕ ለሚቀረጽ ፕሮግራም የሚከፈለው የሙዚቃ ዋጋ በፊልም ለሚነሣው ከሚከፈለው ያነሰ ነበር፤ ደንቡ የወጣው ለልዩ ልዩ የመዝናኛ ትርዒቶች እንዲያመች ነበርና የድራማው አዘጋጆች በዚያ ቀዳዳ ገቡ። የጥሬ ዕቃ ምርጫ በሒሳብ ሠራተኛ እጅ ሲወሰን ያየ ሁሉ ይህን በሚገባ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ የተገዛው ፈቃድ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ የሚያገለግል ነበር። ድራማው እንዳበቃ ለየጣቢያው በተሸጠበት ወቅት ፈቃዱ ገና ስላልተቃጠለ ሙዚቃው በአብዛኛው አልተነካም። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን በየዘፈኑ ቦታ በጅምላ ተዘጋጅቶ ለፈለገ ሁሉ በርካሽ የሚሸጥ ሙዚቃ ገባ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2007 በዲቪዲ ሲወጣም ተመልካቾች ያገኙት እንዲህ የተለዋወጠውን ነው።

ስለ ፈቃዱ ዓይነት ጥቂት ልናገር። አንድ ዘፈን በድራማ ውስጥ እንዲገባ ሁለት በሮች መንኳኳት አለባቸው። አንደኛው ዜማውንና ግጥሙን የያዘው አሳታሚ ነው፤ እርሱ ዘፈኑ ከሥዕል ጋር እንዲጣመር ይፈቅዳል። ሁለተኛው ሸክላውን ያስቀዳው ኩባንያ ነው፤ እርሱም የተቀዳው ድምፅ ራሱ እንዲሰማ ይፈቅዳል። አንዱ እሺ ብሎ ሌላው እንቢ ቢል ነገሩ ከንቱ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ውል የሚዋዋሉ ሰዎች ያሰቡት ስለ ቴሌቪዥን ሥርጭት ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ ድራማውን ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር።

ይህ ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ1988 በአሜሪካ ዘጠነኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ታየ። ኸርበርት ኮኸን የተባለ ባለመብት በ1969 አንድ ዜማ «ሚዲየም ኩል» በተባለው ፊልም ውስጥ እንዲገባና ፊልሙም በቴሌቪዥን እንዲታይ ፈቅዶ ነበር። ፓራማውንት ኩባንያ ከዓመታት በኋላ ፊልሙን በቪዲዮ ካሴት አውጥቶ 2725 ያህል ቅጂ ሸጠ። ፍርድ ቤቱ በቴሌቪዥን ማሳየት ማለት ካሴት መሸጥ ማለት አይደለም፣ በውሉ በግልጽ ያልተሰጠ መብት ሁሉ ከሰጪው ዘንድ ይቀራል ሲል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የድራማ ባለቤት የሆነ ኩባንያ ሁሉ የድሮ ውሎቹን አውጥቶ እያንዳንዱን ቃል ለመመርመር ምክንያት አገኘ፤ በድሮዎቹ ውሎች ላይም ስለ ካሴት የተጻፈ ነገር እምብዛም አልነበረም።

በዚህ የተነሣ ዘፈን ሠሪዎችን ስስታሞች ናቸው ብሎ የሚወቅስ ሰው አጋጥሞኛል። እኔ አልስማማም። ዜማ ደራሲ ሥራው በአዲስ መንገድ ሲሸጥ አዲስ ዋጋ መጠየቁ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነኝ ሒሳቡ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ዘፈን ያለበት ድራማ ለእያንዳንዱ ሁለት ፈቃድ ሲገዛ፣ ከዲቪዲው የሚገኘው ገቢ ወጪውን ላይሸፍን ይችላል። እንዲያውም መክፈቻ ዜማ እንኳ አይተርፍም። ከ1987 እስከ 1997 የታየው «ማሪድ ዊዝ ችልድረን» የሚከፈተው ፍራንክ ሲናትራ በ1955 ባስቀዳው ዘፈን ነበር። በዲቪዲ ሲታተም ግን ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ የሲናትራ ድምፅ ጠፍቶ በቦታው እርሱን የሚመስል በመሣሪያ ብቻ የተጫወተ ዜማ ገባ። የባለጌውን ቤተሰብ ኑሮ ከዚያ ጨዋ ዘፈን ጋር ማጋጨት ግን የቀልዱ ግማሽ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ድርሻ ልምጣ። ዘፈኑን ከድራማው ማውጣት ይህን ያህል ጉዳት ያደረሰው ስለ ምንድር ነው? መልሱ በድምፅ አቀዳደሩ ላይ ነው። ንግግሩ፣ ሙዚቃውና የአዳራሹ ተመልካች ሳቅ አንድ ላይ ተቀላቅለው በአንድ ትራክ ከተቀመጡ በኋላ፣ ከመካከላቸው ሙዚቃውን ብቻ ማውጣት ከተጋገረ እንጀራ ውስጥ ውኃውን እንደ ማውጣት ነው። በሲኒማ ዓለም ፊልም ለውጭ አገር ቋንቋ ሲዘጋጅ ንግግሩን ለመተካት እንዲቻል ሙዚቃውንና ሌላውን ድምፅ ለብቻው ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። በየሳምንቱ ለሚሠራ የቴሌቪዥን ቀልድ ግን ለዚህ የሚተርፍ ጊዜም ገንዘብም አይገኝም። ስለዚህ በ«ደብልዩ ኬ አር ፒ» ዘፈኑ ከንግግር ሥር ባለበት ቦታ፣ ቆራጮቹ አንዳንዴ ንግግሩንም አብረው ጥለው ድምፃቸው ተዋናዮቹን የሚመስል ሌሎች ሰዎች እንደገና እንዲናገሩት አደረጉ። ሥዕሉ ላይ ያለው ተዋናይ ሌላ፣ የሚሰማው ድምፅ የሌላ! አንድ ተጨማሪ ትራክ በጊዜው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ጠበቆቹ ዘፈኑን ቢወስዱም የተዋናዮቹ ድምፅ በቀረልን ነበር።

ተመልካቹ ይህን ሁሉ ማወቅ ይገባው ነበር። በዚህ ረገድ የሞንቲ ፓይተን ቡድን ያሸነፈበት የ1976ቱ ፍርድ ይጠቅመናል። ኤቢሲ የተባለው ድርጅት የእንግሊዞቹን ቀልደኞች የ90 ደቂቃ ፕሮግራም ለማስታወቂያ ቦታ ለማግኘት 24 ደቂቃ ቆርጦ አሳይቶ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የደረሰበት አሳብ፣ ይህን ያህል የተቆራረጠን ነገር በደራሲዎቹ ስም ማቅረብ እነርሱ ያልሠሩትን የእነርሱ ነው እንደ ማለት ሊቆጠር ይችላል የሚል ነው። ሙዚቃው የተለወጠ ዲቪዲም፣ ሽፋኑ ላይ ዝም ከተባለ፣ ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ዋጋው ሳይቀንስ የሽፋኑ ጽሑፍ እውነቱን ቢናገር ገዢው ራሱ ይፈርድ ነበር።

የተሳካላቸውም አሉ። «ዘ ወንደር ይርስ» ከ1988 እስከ 1993 የታየ፣ በልዩ ልዩ ዘፈን የተሞላ ሥራ ነው፤ ሙሉ ስብስቡ በዲቪዲ የወጣው በ2014፣ ማለት ካበቃ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ሙዚቃ ከነመክፈቻው የጆ ኮከር ዘፈን ተመልሶ ነው። በዚያው ዓመት «ደብልዩ ኬ አር ፒ»ም ሁሉም ባይሆን አብዛኛው ዘፈኑ ተመልሶለት በሌላ ኩባንያ ታተመ። ትዕግሥትና ድርድር ይህን ያህል ይሠራል።

የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ዛሬ የተቀላቀለን ድምፅ የሚለያይ የኮምፒዩተር ዘዴ አለ። በ2021 ስለ ቢትልስ በቀረበው የፒተር ጃክሰን ጥናታዊ ፊልም ላይ ንግግሩን ከጊታሩ ጩኸት ለመለየት አገልግሏል፤ በ2023ም ከአሮጌ ካሴት የጆን ሌነንን ድምፅ ከፒያኖው አውጥቶ አዲስ ዘፈን እንዲሠራበት አስችሏል። የተዋናዩን ድምፅ ለማዳን እሰየው የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ የመቁረጡ አስቸጋሪነት ራሱ ለሥራው እንደ አጥር ሆኖት ነበር፤ ስፌቱ ስለሚታይ ተመልካቹ ተቆርጧል ብሎ ያማርር ነበር። አሁን ስፌት የማይታይበት መቀስ በእጃችን ገብቷል። ማንም የማያውቀውን ለውጥ ማን ይቃወማል?

ይህን ሁሉ በሌላ አገር ምሳሌ ያስረዳሁት እዚያ ብዙ ስለ ተሠራና ብዙ ስለ ተጻፈ ነው። ነገር ግን ከመካከላችን የቆዩ ቴፖችን ወደ ዲጂታል የሚያዛውሩ ባልደረቦች አሉ። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ከገንዘቡ ሌላ ሥራው እንዳይበላሽበት የመቃወም መብት ሰጥቶታል። ስለሆነም ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ጋር የንግግሩና የሙዚቃው ትራክ ተለይቶ፣ የውሉ ቅጂ፣ እንዲሁም የትኛው ዘፈን ከስንተኛው ደቂቃ እስከ ስንተኛው ደቂቃ እንደሚሰማ የሚገልጽ ዝርዝር አብሮ እንዲቀመጥ አሳስባለሁ። ለዝርዝሩ የሚሆን አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቼ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ የጎደለ ነገር ካለ በእርሳስ ጽፋችሁበት እንድትመልሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።