ልምምድ ወይስ ማኅተም?

(ዲማ ላይ ለኮሌጅ ተማሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ከተደረገ ንግግር)



ተማሪን ሥራ ላይ አውሎ ማስተማር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በቡድን አድርጎ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ያሠለጥን ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪውን ከማስመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ነበር፤ አብዛኛውን በአስተማሪነት። ግዴታ ነበርና ያጉረመረመም አልጠፋ። ቢሆንም አበል ነበረው፤ ፊቱ የተደረደሩት ልጆችም የምር ተማሪዎች ነበሩ።

ዛሬ «አፓረንትሺፕ» የምንለውስ? እኔ ዲፕሎማ ስማር የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) ፎቶ ኮፒ ሲያስነሳኝና ሻይ ሲያስመጣኝ ከርሞ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። ሻይ በማመላለስ ከሆነ እውነታቸውን ነው!

እዚህ ዲማ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ጋምቤላም ሆነ ሚዛን ተምራ ለልምምድ የመጣችው የጤና ተማሪ ካርድ ስትጽፍ ብቻ ከከረመች፣ ነገ ቀበሌ ስትመደብ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ይዘው ይመጡባታል። ዝናብ ነው፣ መንገዱ ተበላሽቷል፣ አምቡላንስ የለም። ማንን ልትጠይቅ ነው? ማኅተሙን?

ወርቁንም እዩት። ሰው ጉድጓድ ገብቶ ይቆፍራል፣ አፈሩ ይናድበታል። ስለ አፈርና ድንጋይ የሚማር ልጅ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የት ያገኛል? እናንተ ግን ቢሮ አስቀምጣችሁ መዝገብ ታስገለብጡታላችሁ። የአካባቢው የአኝዋክ ልጅ እኮ ቋንቋውንም ሰውንም ያውቃል፤ የጎደለው ጎኑ ቆሞ የሚያሳየው ባለሙያ ነው።

«በጀት የለንም» ትላላችሁ። የምሳና የማደሪያው ነገር እውነት ነው፤ ኮሌጆቹ ያስቡበት። ልጁን አዋላጇ አጠገብ ለማቆም ግን የምን በጀት ነው የሚጠየቀው?

ስለዚህ ኃላፊዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ። የምዘናው ወረቀት ሲመጣ «እጅግ በጣም ጥሩ» ከማለታችሁ በፊት ልጁ በእጁ የሠራውን ጻፉ። ስንት ወሊድ ላይ ቆመች? ስንት ክፍለ ጊዜ አስተማረ? ማን አጠገቡ ነበር? ባዶ ከሆነ አትፈርሙ። ተማሪዎችም፣ ሻይ አምጡ ስትባሉ አምጡ፤ ሲጠጡ ግን «ሥራዬስ?» በሏቸው።