ለሚዘል ልጅ መውደቂያ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሊቀመንበራችን «ያንን ቤትሽ ያለውን ትልቅ ትራስ አስረጂን» ስላሉኝ ነው ዛሬ የቆምኩት። ሙያዬ ሂሳብ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። የምናገረው ካነበብኩትና ከአምስት ዓመት ልጄ ጋር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስኖር ካየሁት ነው።

ነገሩ በስፖንጅ ቁርጥራጭ የተሞላ ሰፊና ወፍራም ከረጢት ነው። ልጁ ይዘልበታል፣ ይወድቅበታል፣ ይንከባለልበታል። ውጭ አገር ክራሽ ፓድ ይሉታል፤ እኛ ቤት ስሙ «መውደቂያ» ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ ሰፈር ውስጥ ስሙ ብዙ ነው፦ ቀዥቃዣ፣ ቅብጥብጥ፣ ባለጌ። ከስሙ ቀጥሎ ቁንጥጫ ይመጣል፤ ተከራይ ለሆነችው ደግሞ «ቤቱን ልቀቂ» ይመጣል። በዚህ ምክንያት ቤት የቀየረች እናት በመካከላችን አለች፤ ስለዚህ ጉዳዩ የመጫወቻ ብቻ አይደለም።

ልጁ ለምን ይዘላል? አካላችን የሚሰማው በዓይንና በጆሮ ብቻ አይደለም። ጡንቻና መገጣጠሚያም ለአእምሮ ወሬ ያቀብላሉ፤ የውስጥ ጆሮ ደግሞ ሚዛናችንን ይጠብቃል። አንዳንድ ልጅ ይህን ስሜት አብዝቶ ይፈልጋል። ጂን አይረስ የምትባል አሜሪካዊት ቴራፒስት በዚህ ላይ ብዙ ሠርታ እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፍ አሳትማለች። ከእሷ በኋላ በዚህ ስም ሕክምና የሚሰጡ በዝተዋል። ነገር ግን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 የሕክምናው ማስረጃ ውስን መሆኑ ለወላጆች ይነገራቸው ብሏል። ስለዚህ መውደቂያው ያድናል የሚላችሁ ነጋዴ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። መጫወቻ ነው፤ ለእኔ ያ ይበቃኛል።

መንቀሳቀሱ ግን የግድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ውስጥ 60ው ጠንከር ያለ እንዲሆን መክሯል። ሦስት ሰዓት! በክረምት ግቢው ጭቃ፣ የቀረው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሲሆን ይህ ሁሉ የት ይገባል?

አሠራሩን ልንገራችሁ። የእኔ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 ሆኖ ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ለአንድ ከረጢት ወርዱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጂንስ ወይም ሸራ 4 ሜትር ይበቃል። ከረጢቱ ሁለት ይሁን፤ የውስጡ ስፖንጁን ይይዛል፣ የውጭው ዚፕ ኖሮት እየወለቀ ይታጠባል። ስፌቱ ድርብ ይሁን፤ ዚፑም ከታች ይዋል፣ ፊት እንዳይጭር። ትልቁ ወጪ ሙሊቱ ነው። አዲስ ስፖንጅ አትግዙ፤ ሶፋ ሠሪዎች ዘንድ ቁርጥራጩ በማዳበሪያ ይሸጣል። አሮጌ ልብስ ብቻውን ይጓጉላል፣ ይደርቃል። እንደ በረዶ ያለውን ነጭ ፍሬ ደግሞ አልወደውም፤ ከረጢቱ ከተቀደደ ሕፃን አፉ ውስጥ ይከተዋል። ሞልታችሁ ስትጨርሱ በጉልበታችሁ ውጡበት፤ ወለሉ ከተሰማችሁ ጨምሩ።

አሁን ዋናው። ስፖንጅ እሳት ከነካው ቶሎ ይያያዛል፣ ጭሱም መርዛም ነው። ቡና በሚፈላበት ቀን፣ ከሰሉ ሳሎን ሲገባ መውደቂያው መኝታ ቤት ይግባ። መብራት ሲጠፋም ሻማ አጠገቡ አይበራ። ከመስኮትና ከበረንዳ ይራቅ፤ ልጅ ወጥቶበት መስኮቱ ላይ የሚደርስበት መሰላል እንዳይሆን። ዙሪያውን የጠረጴዛ ጠርዝ አይኑር። የሚዘለው ከሶፋ መቀመጫ ነው፤ ከመደገፊያው ወይም ከቁም ሳጥን አይደለም። በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ፤ ሁለት ከሆኑ ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በፍጹም አይተኛበት፤ ለስላሳ ነገር ትንፋሽ ያፍናል።

ድምፁስ? መውደቁን ያለሰልሰዋል፤ ሩጫውን ግን አያጠፋውም። ከታች ካሉት እትዬ ጋር ተነጋግረን ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት የዝላይ ሰዓት ሆኗል። እሳቸው በዚያ ሰዓት ሱቅ ይወርዳሉ። ከዝላዩ በኋላ ከረጢቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈዋለሁ፤ እራት ሲደርስ ለባለቤቴ መደገፊያ ነው። (ከልጁ ይልቅ እሱ ነው የሚወደው ብዬ እጠረጥራለሁ።)

አንድ ነገር ልጨምር። የሚዘል ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ሆኖም ልጁ በስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ አፍ መፍታቱ የዘገየ ወይም የለመደውን ቃል የተወ ከሆነ ሐኪም ይየው። በከተማችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ይህን ጉዳይ ከጓዳ ወደ አደባባይ ካወጡት አንዱ ነው። እዚያ መሄድ አያሳፍርም።

ሐሳቤ ይኸው ነው፦ ጨርቁን እያንዳንዳችን በሜትር ከምንገዛ በጣቃ ገዝተን እንካፈለው። ልብስ የሚሰፉ ሁለት አባሎቻችን ክርና ዚፕ ከቀረበላቸው እንሰፋለን ብለዋል። የምትፈልጉ እስከሚቀጥለው ወር ስብሰባ ድረስ ለጸሐፊያችን ስማችሁንና የምታስቀምጡበትን ቦታ ስፋት አስመዝግቡ። ሂሳቡን እኔ እይዛለሁ።