የጉሮሮ ሕመምና የልጆቻችን ልብ

(በድሬዳዋ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የምንወደው ስለ ጉሮሮ ሕመም ነው። ተራ ነገር ነው ትሉ ይሆናል፤ እኛም እንዲሁ እንል ነበር።

በሳቢያን ሰፈር የምናውቀው አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ጉሮሮውን አመመው፤ ትኩሳትም ያዘው። ቤተሰቡ «እንጥሉ ወርዷል» አሉ። በአራተኛው ቀን ተሻለው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ጉልበቱ አበጠ፤ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያም ክርኑ። እኛም «ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ይሆናል» ብለን ዝም አልን፤ ሕመሙ ሲለቀውም ደስ አለን። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ዳገት መውጣት አቃተው፤ ትንፋሽም አጠረው። ሐኪሙ ልቡን አዳምጦና መርምሮ የልቡ በር መጎዳቱን ነገረን። ይህን የምንናዘዘው እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በሳልና በትንፋሽ ስለሚተላለፍ ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል ተጨናንቀው በሚተኙበትና በሚማሩበት ቦታ ይበረታል። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ አንዳንድ ጊዜ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ይህም ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ በልብ በር ላይ የቀረው ጠባሳ ግን ይቆያል።

የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ከዚህ አይደለም፤ ጉንፋንና ሳል ያለበት አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ ነው። ነገር ግን ልጁ በድንገት ካተኮሰው፣ መዋጥ ካቃተው፣ አንገቱ ሥር እብጠት ከወጣና ሳል ከሌለው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በቆዳ ላይ የሚወጣ ቁስልም አይናቅ፤ ይኸው ባክቴሪያ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላልና። ፊቱ ካበጠ፣ ሽንቱም ኮካ ኮላ ከመሰለ ምልክቱ ይህ ነው።

አልፎ አልፎ ባክቴሪያው ወደ ደም ይገባል። ልጁ ከፈዘዘ፣ አተነፋፈሱ ከተቸገረ፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ወይም በላዩ ከሚታየው ቁስል የበለጠ ብርቱ ሕመም ከተሰማው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድል ጮራ ወይም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ብርቱ ሕመም በአውሮፓ አገሮች መጨመሩን አስታውቆ ነበር፤ በባለጠጎች አገርም ሕፃናት ሞተዋል።

መድኃኒቱ ግን አዲስም ውድም አይደለም። ፔኒሲሊን ከተገኘ እ.ኤ.አ. ከ1928 ወዲህ ብዙ ባክቴሪያዎች ለምደውታል፤ ይህኛው ግን እስከ ዛሬ ይሸነፍለታል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ ልብን ከጉዳት ያድናል። የሚዋጠው ክኒን ልጁ ቢሻለውም 10 ቀን ሙሉ ይወሰድ፤ አለበለዚያ በጤና ተቋም አንድ መርፌ ይበቃል። መድኃኒቱ የማይስማማው ልጅ ካለ አስቀድማችሁ ለባለሙያው ንገሩ። እንጥል ማስቆረጥ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ይልቁንም ደም ያፈሳል፤ ቁስሉም ሊመረቅዝ፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊያመጣ ይችላል።

ልቡ አንድ ጊዜ የተጎዳ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ለብዙ ዓመታት መቀጠል አለበት። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበርን መሠረቱ፤ በ2009ም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ይሁን እንጂ የቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከድሬዳዋ ተነሥቶ እዚያ መድረስም ለድኻ ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እናንተ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች፣ ጉልበቱን ይዞ የሚያነክስ ልጅ ስታዩ «ባለፈው ወር ጉሮሮህን አሞህ ነበርን?» ብላችሁ ጠይቁት። እናንተ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ መርፌ የሚወስዱትን ልጆች ቀን በደብተር ጻፉ፤ የቀረውንም ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ፈልጉት። እናንተ ለሥራው የምትሰጡ ወገኖች፣ ስጦታችሁ ለመርፌውና ለመጓጓዣው ይውላል።

ያ ልጅ ዛሬም በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ይወስዳል፤ ከእኛም አንዱ አብሮት ይሄዳል። በፊተኛው የጉሮሮ ሕመም ጊዜ አብረነው ሄደን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መመላለስ ባላስፈለገው ነበር።