የአንድ ሃይማኖት ጎረቤቶች



የልጅ ልጇን ለማሳደግ ወደ ኩዌት የተሻገረች አያት፥ በጅሊብ አል ሹዩኽ ቋንቋዋን የሚሰማ ጎረቤት ላታገኝ ትችላለች። ከግንባር እስከ ደረት፥ ከግራ ወደ ቀኝ ስታማትብ ግን፥ በሰፈሩ በብዛት ከሚኖሩት የሕንድ ኬረላ ሰዎች መካከል ቅዱስ ቶማስን ሐዋርያችን የሚሉት ኦርቶዶክሳውያን ሃይማኖቷን ያውቁላታል። የኢትዮጵያ፥ የግብፅ፥ የሶርያ፥ የአርመንና የሕንድ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በጥር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጉባኤ ያጸኑት አንድነት ይህ ነው። ዓርብ በዚያ ሀገር የዕረፍት ቀን ነውና፥ በአንድነት ጸልየው የጾም ማዕዳቸውን ይካፈላሉ።

ጢሞቴዎስ ሃይማኖትን ከአያቱ ከሎይድ ወረሰ፤ አያት ብቻዋን ብትቀር ግን ሕፃኑም ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል። ስለዚህ ተሰዳጁን ስታሰናብቱ፥ ከስንቁ ጋር እነዚህ ወንድሞች እንዳሉት ንገሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።