የፓርኪንሰን ሕመም ሲጸና የሚታዩ ምልክቶች
(ለደብር ካህናትና ለሰንበት ትምህርት ቤት በጎ ፈቃደኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ወንድሞችና እኅቶች፦

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. የጻፈለት ሕመም ኋላ በስሙ ተጠርቷል። መነሻው ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ መሄዳቸው ነው። የእጁን መንቀጥቀጥ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ሕመሙ ሲጸና የሚመጣውን ግን ስለማንለይ ሕሙሙ ሰክሯል፣ ኰርቷል ወይም ርኩስ መንፈስ ይዞታል ይባላል። ስለዚህ አምስት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛው አካሄድ ነው። እግሩ በደጃፍ ወይም ሲዞር ከመሬት የተጣበቀ ያህል ድንገት ይቆማል፤ ሚዛኑን ስቶ ደጋግሞ ይወድቃል። ከተቀመጠበት ሲነሣም የደም ግፊቱ ወርዶ ሊያዞረው ይችላል።

ሁለተኛው ፊትና ድምፅ ነው። ፊቱ ስሜቱን አይገልጥም፤ ድምፁም ይሰልላል። ይህ ቸልታ አይደለም። የንስሐ አባቱ ጆሮውን አቅርቦ፣ ጊዜ ሰጥቶ ይስማው።

ሦስተኛው መዋጥ ነው። ሲበላና ሲጠጣ ትን የሚለው ከሆነ ምግብ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ቀና ብሎ ተቀምጦ በጥቂት በጥቂቱ ይጉረስ፤ ለሐኪምም ይነገር።

አራተኛው አእምሮ ነው። የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ማየትና መርሳት ከሕመሙ ይመጣል፤ በመድኃኒቱም ሊባባስ ይችላል። መደናገሩ በድንገት ከመጣ ሌላ ሕመም ተደርቦ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ይታከም። ለማረጋጋት የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ይህን ሕመም ያባብሳልና፣ ቤተሰቡ ፓርኪንሰን እንዳለበት አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

አምስተኛው የመድኃኒት ሰዓት ነው። ሌቮዶፓ ለዓመታት ሲወሰድ ቀጣዩ ሰዓት ሳይደርስ ኃይሉ ያልቃል። ጠዋት ሲራመድ ያየነው ሰው ከቀትር በኋላ መነሣት ቢያቅተው «ሲፈልግ ይሄዳል» አንበል።

አባቶቼ፣ አጥብቄ የማሳስበው ይህን ነው፦ መድኃኒቱ በድንገት መቋረጥ የለበትም። ቢቋረጥ ሰውነትን ገትሮ፣ ብርቱ ትኩሳት አስነሥቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ወደ ጠበል የሚሄድ ሕሙም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ በሰዓቱም ይውሰድ። ቤተ ክርስቲያናችን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ ማስተማሯን እናስታውስ። በጾም ወራት ለሕሙማን የተፈቀደውን የንስሐ አባቱ በግልጽ ይንገረው። ለቅዱስ ቁርባን ሲዘጋጅም ስለ መድኃኒቱ ሰዓት አስቀድመው ይመካከሩ፤ ሕሙሙ ብቻውን ተጨንቆ መድኃኒቱን እንዳይተው።

ይህ ሕመም የጸናበት ሰው ከቅዳሴ ቀርቶ በቤቱ የሚውል ነው። እርሱ ወደ እኛ መምጣት ሲያቅተው እኛ ወደ እርሱ እንሂድ፤ ቀኑን ሙሉ የሚያነሣውንና የሚያጎርሰውን አስታማሚም አንርሳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።