የሚዳቋ ሥጋ ሒሳብ

እሷ፦ በቤሌና በአካባቢዋ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ወሬያችን የሚዳቋ ሥጋ ነው።

እሱ፦ ምሳ ሳልበላ ነው የገባሁት፤ እንዳታስጎመጂኝ!

እሷ፦ ሒሳብ ነው የማስቆጥርህ። ደህና ሚዳቋ 20 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ቆዳውን፣ ሆድ ዕቃውን፣ ጭንቅላትና ሰኮናውን ስታወጣ ግማሹ ቢተርፍህ ነው።

እሱ፦ 10 ኪሎ በዳጣ...

እሷ፦ ቆይ እንጂ! አዳኙ ሌሊቱን ጫካ ያድራል፣ ማሳው ሳይታረም ይውላል፣ ውሻው ቆስሎ ይመለሳል። ከተያዘ ደግሞ ሕግ አለ፦ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ካልሆነም ሁለቱንም ደንግጎ ነበር።

እሱ፦ ቦሎቄዋን በአንድ ሌሊት ሚዳቋ የጨረሰባት እናት ግን አዋጅ ቢነበብላት ምን ይፈይድላታል?

እሷ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ግን ማሳዋን ልጠብቅ ብላ ብታጠምድም፣ የሽቦ ወጥመድ መርጦ አይዝም። ከእኛ በስተደቡብ ማዜ ብሔራዊ ፓርክ ያለውን የስዌይን ቆርኬ አስበው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። እግሩ ሽቦ ውስጥ ከገባ አበቃለት።

እሱ፦ ለሥጋማ በዓላችን ጊፋታ አለን አይደል? ዓመቱን ሙሉ ቆጥበን ሰንጋ ገዝተን፣ ከጎረቤት ጋር ተካፍለን፣ ያውም ማንንም ሳንፈራ በጠራራ ፀሐይ!

እሷ፦ ፈረድክ ማለት ነው?

እሱ፦ ፈርጃለሁ፣ አያዋጣም። ማሳችሁን ከዱር እንስሳ ያለ ወጥመድ የምትጠብቁ አድማጮች ግን ደውሉና ዘዴውን ንገሩን፤ መስመሩ ክፍት ነው።