የተከለለ ጨዋታ ይሻገራልን?

(በክርክር ክበባችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ለመከራከር ብቻ አይደለም፤ ጥፋቴንም ለመናዘዝ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ልጆች እያስጠና ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ምክር ጠየቀኝ። የአጎቱ ልጅ ከዋሽንግተን ለበዓል ሲመጣ ይዞት በመጣው ኒንቴንዶ ስዊች ላይ ዜልዳ የሚባለውን ጨዋታ ሦስት ቀን ተጫውቶ ልቡ ተሰርቋል። ነገር ግን በሰፈሩ ያለው፣ ጓደኞቹም ሁሉ የሚጫወቱበት ፕሌይስቴሽን ነው። ሁለቱን ለመግዛት አቅም የለውም። እኔም፣ እንደ ዐዋቂ ሆኜ፣ «ፕሌይስቴሽኑን ግዛ፤ ዜልዳም ቢዘገይ እንጂ መምጣቱ አይቀርም፤ ሁሉም ጨዋታ በመጨረሻ ወደ ሌላው ይሻገራል» አልኩት። አምኖኝ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዛ። ይኸው እስከ ዛሬ ይጠብቃል። አንዳንድ ሌሊት መብራት ከጠፋ በኋላ ከአልጋው ሆኖ «እህ፣ መጣ ወይ?» ይለኛል።

ክበባችን «ለአንድ ኮንሶል ብቻ የተከለሉ ጨዋታዎች ውለው አድረው ወደ ተወዳዳሪው ይሻገራሉ» የሚለውን ርእስ ባወጣ ጊዜ፣ ያን በድፍረት የተናገርኩትን ነገር ልመረምረው ተነሣሁ። ያገኘሁትንም ሳልደብቅ አቀርባለሁ። ዓመታቱን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ፣ ጨዋታ ለምን ይከለላል? ኮንሶል ማለት ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ወይም በእጅ ተይዞ የሚሠራ የመጫወቻ መሣሪያ ነው። ሠሪው ድርጅት መሣሪያውን በጥቂት ትርፍ፣ አንዳንድ ጊዜም በኪሳራ ይሸጠዋል። ገንዘቡን የሚያገኘው በኋላ ከጨዋታዎቹ ነው። ሌሎች የሠሩት ጨዋታ በእርሱ መደብር ሲሸጥ፣ በተለመደው አሠራር፣ ከመቶው 30 ያህሉ የእርሱ ነው። ስለዚህ ሰው ወደ ቤቱ እንዲገባ የሚያደርግ ማባበያ ያስፈልገዋል፤ ማባበያውም በሌላ ቤት የማይገኝ ጨዋታ ነው። በ1980ዎቹ ኒንቴንዶ በአሜሪካ ይህን በውል አጽንቶት ነበር። ለመሣሪያው ጨዋታ የሚያወጣ ድርጅት በዓመት ከ5 ጨዋታ በላይ እንዳያወጣ፣ ያወጣውንም እስከ 2 ዓመት ድረስ ለተወዳዳሪ ኮንሶል እንዳይሰጥ ያስገድደው ነበር። ልብ አድርጉ፤ ያ ጥብቅ የሚባለው አጥር እንኳ የ2 ዓመት ገደብ ነበረው።

እንግዲህ የተከለሉትን ጨዋታዎች ስመረምር ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው አላገኘኋቸውም። በሦስት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ተከራይተው የተቀመጡት ናቸው። ጨዋታው የሌላ ድርጅት ንብረት ሆኖ፣ በውል ወይም በወዳጅነት በአንድ ኮንሶል ላይ የተቀመጠ ነው። እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ ይሻገራል። በ2002 ካፕኮም የተባለው የጃፓን ድርጅት ለኒንቴንዶ ጌምኪዩብ አምስት ጨዋታዎች እንደሚያዘጋጅ አስታወቀ፤ ብዙ ሰውም አምስቱም ከጌምኪዩብ አይወጡም ብሎ ያዘ። መጨረሻቸውን እንቁጠር። ዴድ ፊኒክስ ሳይሠራ ተሰረዘ። ፒ.ኤን.03 በዚያው በጌምኪዩብ ቀረ። ቪውቲፉል ጆ በ2004 ወደ ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2 ተሻገረ። ኪለር ሰቨን በ2005 በሁለቱም ወጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ሬዚደንት ኢቭል 4 በጥር 2005 በጌምኪዩብ ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት በፕሌይስቴሽን 2 ተሸጠ። ከተሠሩት አራቱ ሦስቱ አጥሩን ዘለሉ ማለት ነው። ራይዝ ኦቭ ዘ ቶምብ ሬይደርም እንዲሁ፣ በኅዳር 2015 በማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን ወጥቶ በጥቅምት 2016 ፕሌይስቴሽን 4 ደረሰ። ኪራዩ ሲያልቅ ተከራዩ ዕቃውን ይዞ ይወጣል።

ነገር ግን መሻገር ማለት ፈጥኖ መሻገር ማለት አይደለም። ፋይናል ፋንታሲ 7ን ተመልከቱ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ስድስቱ በመጀመሪያ የወጡት በኒንቴንዶ መሣሪያዎች ነበር። ሰባተኛው ግን ሦስት ሲዲ የሚሞላ ሆነ፤ ኒንቴንዶ 64 ደግሞ ይዘታቸው ትንሽ በሆነ ካርትሪጆች ላይ ጸንቶ ቀረ። ስለዚህም ስኩዌር የተባለው ሠሪ ድርጅት በ1997 ጨዋታውን በፕሌይስቴሽን አወጣው። ይኸው ጨዋታ በኒንቴንዶ መሣሪያ ላይ የታየው በ2019 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት! በዚያ ዓመት ተወልዶ የጠበቀ ልጅ ቢኖር ዛሬ ከመካከላችን ለሚበዙት ታላቅ ወንድም በሆነ ነበር።

ሁለተኞቹ የባለቤታቸው ኮንሶል የደከመባቸው ናቸው። ጨዋታው የኮንሶሉ ሠሪ የራሱ ንብረት ነው፤ ቤቱ እስከ ቆመ ድረስ አይወጣም፤ ቤቱ ሲዘም ግን ይወጣል። ሴጋ ሶኒክን በ1991 ያወጣው ኒንቴንዶን ለመግጠም ነበር። ሶኒክና ማሪዮ በዚያ ዘመን እንደ ሁለት ባላጋራ መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማዎች ነበሩ። በጥር 2001 ሴጋ ድሪምካስትን መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሶኒክ በጌምኪዩብ ላይ ይሮጥ ጀመር። በ2007ም ሁለቱ ባላጋሮች በአንድ የኦሎምፒክ ጨዋታ ውስጥ አብረው ተሰለፉ።

በእኛ ዘመን ያየነው የማይክሮሶፍት ነገር ነው። ሄይሎ በ2001 ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጋር አብሮ የወጣና የዚያ መሣሪያ መለያ የነበረ ጨዋታ ነው። ነገር ግን የኤክስቦክስ ገበያ ከፕሌይስቴሽን 5 ኋላ ቀረ። በየካቲት 2024 ማይክሮሶፍት አራት ጨዋታዎቹን ወደ ሌሎች ኮንሶሎች እንደሚያሻግር ገለጸ። በሚያዝያ 2025 ፎርዛ ሆራይዘን 5 ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ደረሰ። በጥቅምት 2025ም የመጀመሪያው ሄይሎ እንደገና ተሠርቶ በ2026 ለፕሌይስቴሽን 5 ጭምር እንደሚቀርብ ተነገረ። ከአሥር ዓመት በፊት ይህን የተናገረ ተማሪ ቢኖር ሳቅንበት በተቀመጠ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ብናገር ጓደኛዬ ዛሬውኑ «እንግዲያው ዜልዳም ይመጣል» ብሎ በተነሣ። ነገር ግን ሦስተኛው ወገን አለ፤ እኔን ያሳፈረኝም እርሱ ነው።

ሦስተኞቹ ባለቤታቸው የበረታላቸው ናቸው። ዜልዳ የኒንቴንዶ ነው፤ ኒንቴንዶም ገና በራሱ መሣሪያ ይኖራል። እርግጥ ድሮ ኒንቴንዶ የራሱን ቤት ሳይሠራ ጨዋታውን ለሌሎች ያከራይ ነበር። የ1981ዱ ዶንኪ ኮንግ ለቤት መጫወቻ የተፈቀደው ኮሌኮ ለተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው፤ ኮሌኮም በራሱ ኮንሶልና በተወዳዳሪዎቹ ላይ ሳይቀር ሸጦታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያም ከፊሊፕስ ጋር ከነበረው ውል የተነሣ በፊሊፕስ ሲዲ-አይ ላይ ዜልዳ የሚል ስም የያዙ ጨዋታዎች ወጥተዋል፤ የተጫወታቸው ሰው ሁሉ የሚያነሣቸው ለመሳቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የዜልዳ ጨዋታ ወደ ፕሌይስቴሽንም ወደ ኤክስቦክስም አልሄደም። ሶኒም ቢሆን እንዲሁ ነው። ብለድቦርን በመጋቢት 2015 በፕሌይስቴሽን 4 ወጣ፤ የሠራው ፍሮም ሶፍትዌር ቢሆንም ባለመብቱ ሶኒ ነው። አያሌ ወዳጆቹ በየዓመቱ ቢለምኑም ከዚያ አጥር አልወጣም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ ሊነሣ ይችላል። «ሶኒ በ2020 ሆራይዘንን፣ በ2022 ጎድ ኦቭ ዎርን ለኮምፒዩተር አላወጣምን?» ይለኛል። አውጥቷል። ነገር ግን ኮምፒዩተር የሁሉ ሜዳ ነው እንጂ የተቀናቃኝ ግቢ አይደለም። ወደ ሜዳ መውጣትና ለተቀናቃኝ በር ማንኳኳት አንድ አይደሉም። እነዚያ ጨዋታዎች ወደ ኤክስቦክስ አልገቡም።

ዘመኑ አጥሩን እያሳጠረው መምጣቱን ግን አልክድም። ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ከ2013 ጀምሮ የሶኒና የማይክሮሶፍት ኮንሶሎች ከተራ ኮምፒዩተር ጋር በሚቀራረብ አሠራር ስለ ተሠሩ ጨዋታን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር እንደ ድሮው አድካሚ አይደለም። ሁለተኛ፣ የመሥሪያው ወጪ እጅግ ከበደ። በ2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የቀረቡ ሰነዶች እንዳሳዩት ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2ን ለመሥራት ብቻ 220 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቷል። ይህን ያህል ያወጣ ነጋዴ የገዢውን መታወቂያ አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ በማኅበር የሚጫወቱት ጨዋታ ሰው ሲያንስበት ይሞታል። ሶኒ ያሳተመው ሄልዳይቨርስ 2 በነሐሴ 2025 ወደ ኤክስቦክስ የገባው ብዙ ተጫዋች የሚሻ ጨዋታ በመሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። «ጊዜ ሁሉን ያሻግራል» ማለት ስሕተት ነው። ጊዜ ብቻውን አንድም ጨዋታ አላሻገረም፤ የሚያሻግረው የባለቤቱ ጥቅም ነው። ስለዚህ «መቼ ይመጣል?» ከማለት በፊት «የማን ነው?» እንበል። የተከራየ ከሆነ ተስፋ አድርግ። የኮንሶሉ ሠሪ የራሱ ከሆነ፣ መሣሪያው እየበረታ ነው ወይስ እየደከመ ብለህ ጠይቅ። የበረታ ከሆነ ጥበቃህ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ምናልባት ከመምህራኖቻችን አንዱ «ይህ ሁሉ ስለ ጨዋታ ነውን?» ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ሁለት ነው።

አንደኛው የእኛው ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ ብዙዎቻችን ጨዋታን ያወቅነው በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ በሒሳብ እየከፈልን፣ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ መሣሪያ ነው። አሁን ደግሞ ፎርዛ ሆራይዘን 5 ተሻገረ ስንባል የተሻገረው ወደ ፕሌይስቴሽን 5 ነው፤ ወደ ፕሌይስቴሽን 4 አልመጣም። ሄይሎም የተነገረው ለፕሌይስቴሽን 5 ነው። ስለዚህ ጨዋታው አጥሩን ቢዘልም የሚያርፈው በአዲሱ መሣሪያ ላይ ነው እንጂ በጓደኛዬ ላይ አይደለም። የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር ሲመስለው ሁለት ነገር ነው፤ ጨዋታው እስኪመጣ፣ ከዚያም እርሱ መሣሪያውን እስኪደርስበት።

ሁለተኛው የሰፊው ዓለም ጉዳይ ነው። ሳይሻገር የቀረ ጨዋታ መሣሪያው ሲያረጅ አብሮት ይቀበራል። የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች ከመቶ 87ቱ በገበያ አይገኙም። የመሻገር ነገር የነጋዴ ጠብ ብቻ መስሎ ቢታየንም፣ አያሌ ሠራተኞች ዓመታት የደከሙበት ሥራ ይቆያል ወይስ ይጠፋል የሚለውም በውስጡ አለ።

በመጨረሻ ወደ ጓደኛዬ እመለሳለሁ፤ ከኋላ ረድፍ ተቀምጦ እያየኝ ነው። ወንድሜ፣ ያልመረመርኩትን ነገር እንዳወቅሁ ሆኜ መከርኩህ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ዜልዳ ወደ አንተ መሣሪያ አይመጣም። እኔ ግን ከሌሎቹ የክፍላችን ልጆች ጋር ያገለገለ ስዊች ለመግዛት ከዚህ ወር ጀምሮ ድርሻዬን አዋጣለሁ፤ የመጀመሪያው ሳምንትም ያንተ ነው።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከመካከላችን ልዩ ልዩ ኮንሶል ያላቸው ተማሪዎች በወር አንድ ቅዳሜ መሣሪያቸውን ወደ መዝናኛው ክፍል ቢያመጡ፣ በነጋዴዎቹ መካከል ያለው አጥር ቢያንስ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ከበራችን ውጭ ይቀራል። ፈቃዱ ያላችሁ ስማችሁን ለክበቡ ጸሐፊ ስጡ።

አሁን ተቃዋሚዬ ሊመልስ ዝግጁ ነው፤ ወንበሩን እለቅለታለሁ።